ለዝናብ ስሌታችን የትኛው ኮምፒዩተር ይሻላል?

በዘንድሮው የወላጆች ስብሰባ ከተነሱት ጥያቄዎች መካከል ደጋግሞ የመጣው ስለ ኮምፒዩተር ክፍላችን ነበር። «ገንዘብ አዋጣን፣ ማሽን ተገዛ፤ ልጆቹ ግን ስሌቱ ሳያልቅ የሶላሩ ባትሪ ያልቃል ይላሉ። ነገሩ እንዴት ነው?» ተብለን ተጠይቀናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በዕለቱ በነበረችው አጭር ጊዜ አጥጋቢ መልስ ስላልሰጠን በዚህ የዓመት መጽሔት ልንጽፈው ወሰንን። የተሳሳትነውንም አብረን እንጽፋለን፤ ገንዘቡ የእናንተ ነውና።

መጀመሪያ ልጆቹ የሚያሰሉት ምንድን ነው? የሳይንስ ክበባችን አባላት ከገዳሪፍ እስከ ሑመራ ባለው ምድር ክረምቱ፣ በዚህ አገር አጠራር ኸሪፉ፣ በየዓመቱ መቼ እንደገባና መቼ እንደወጣ ማወቅ ይፈልጋሉ። ዝናቡ ሁለት ሳምንት ሲዘገይ ሰሊጡና ማሽላው ምን እንደሚሆን፣ የጉልበት ሥራው እንዴት እንደሚቀንስ በየቤታችን የሚታወቅ ነው። ልጆቹ ያነሱት ጥያቄ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከጓዳ የመጣ ነው።

ለዚህ የተጠቀሙበት መረጃ ቺርፕስ ይባላል። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሳንታ ባርባራ ተመራማሪዎች ከአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት ጋር ሆነው የሚያዘጋጁት ሲሆን፣ የሳተላይትን እይታ ከምድር የዝናብ መለኪያዎች ጋር አዋሕዶ ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የየዕለቱን ዝናብ ይገምታል። ለማንም በነጻ የተሰጠ ነው። ይህን መረጃ በዋነኛነት ከሚጠቀሙት አንዱ ፊውስ ኔት የተባለው የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ነው። እሱም በ1985 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የ1977ቱ ረሃብ ዓለምን ካስደነገጠ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ሌሊት ሌሊት በእግር ተጉዘው ወድ ኮሊና ኡም ራኩባ የገቡ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ዛሬ በክፍሎቻችን ተቀምጠዋል። ይህን ለልጆቹ ስንነግራቸው ጥቂት ዝም አሉ፤ ከዚያ ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ። መረጃው ምድርን በትናንሽ አራት ማዕዘን ይከፍላታል፤ የአንዱ ጎን 0.05 ዲግሪ ወይም 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የአፍሪካው ክፍል ወደ ጎን 1500፣ ወደ ታች 1600 ማዕዘኖች ስላሉት ለአንድ ቀን 2.4 ሚሊዮን ቁጥሮች አሉ። እያንዳንዱ ቁጥር 4 ባይት ቢይዝ የአንድ ቀን 9.6 ሜጋባይት፣ የአንድ ዓመት 3.5 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል። የ40 ዓመቱ 140 ጊጋባይት ነው። እዚህ ባለው ኢንተርኔት ይህን ማውረድ የማይታሰብ ስለሆነ፣ በውጭ አገር የሚኖር የቀድሞ ተማሪያችን በሃርድ ዲስክ ጭኖ ላከልን።

ስሕተታችን የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ስሌቱ ሲዘገይ «ፈጣን ማሽን ይገዛ» አልን። ገበያ ወርደን የጠየቅነው ነጋዴ ትልቅ ግራፊክስ ካርድ ያለበትን የጨዋታ ማሽን አሳየንና ከሁሉ ፈጣን መሆኑን ነገረን። ሰውየው አልዋሸንም፤ ለጨዋታ ፈጣን ነው። ነገር ግን ገንዘቡ ሁሉ ወደ ካርዱ ሄዶ፣ የቀረው ራም 4 ጊጋባይት፣ ሃርድ ዲስኩም ያው የሚሽከረከረው ዓይነት ነበር። ግራፊክስ ካርድ በውስጡ ብዙ መቶ ትናንሽ ማስሊያዎች አሉት፤ የሚሠሩት ግን ፕሮግራሙ ለእነሱ ተብሎ ሲጻፍ ብቻ ነው። የልጆቹ የፓይተን ፕሮግራም እንደዚያ አልተጻፈም። ስለዚህ ካርዱ ሥራ ፈትቶ ኤሌክትሪክ እየበላ ተቀመጠ። የሶላራችንም ባትሪ ቀድሞ ከሚያልቅበት ሰዓት ፈጥኖ ማለቅ ጀመረ።

የችግሩን ሥር ያገኘችው የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት። ፕሮግራሙ ሲሠራ የዲስኩ መብራት ያለማቋረጥ እንደሚበራ፣ በስክሪኑ ላይ ግን ፕሮሰሰሩ ከአቅሙ ጥቂቱን ብቻ እንደሚጠቀም አስተዋለች። ለወላጆች በሰሊጥ እናስረዳ። ሃያ አጫጆች ቢኖሩህና የታጨደውን የሚያነሳው መኪና አንድ ብቻ ቢሆን፣ አጫጅ ብትጨምር ሂላው ሜዳ ላይ ይከመራል እንጂ ሰሊጡ ቶሎ ጎተራ አይገባም። የእኛ አጫጅ ፕሮሰሰሩ ነው፤ መኪናው ደግሞ ዲስኩ። አንድ ሥራ አሥር ደቂቃ ቢፈጅና ዘጠኙ ደቂቃ ከዲስክ ለማንበብ የሚሄድ ከሆነ፣ ፕሮሰሰሩን በእጥፍ ብናፈጥነው የምናተርፈው ግማሽ ደቂቃ ነው። ይህን ሐሳብ በ1967 እ.ኤ.አ. ጂን አምዳል የተባለ የኮምፒዩተር መሐንዲስ አቅርቦታል፤ ቀመሩን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ራሳቸው ሊያወጡት ይችላሉ።

ዲስኩ ለምን ተጨናነቀ? ፕሮግራሙ የአንድ ዓመቱን 3.5 ጊጋባይት በአንድ ጊዜ ወደ ራም ለመጫን ይሞክራል። ከ4 ጊጋባይቱ የተወሰነውን ስርዓተ ክወናው፣ ተማሪዎቹ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚሉት፣ ለራሱ ይዞታል። የተረፈው ስለማይበቃ ማሽኑ የራሙን ትርፍ ዲስክ ላይ እየጻፈ መልሶ ያነባል። ራም የተጠየቀውን በ100 ናኖ ሴኮንድ አካባቢ ያቀብላል፤ የሚሽከረከር ዲስክ ግን ቦታውን ፈልጎ እስኪያገኝ 10 ሚሊ ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። ልዩነቱ መቶ ሺህ እጥፍ ነው።

ይህን ከተረዳን በኋላ ወደ አሮጌዎቹ ማሽኖች ተመለስን። ራም ጨመርንባቸውና 8 ጊጋባይት አደረግናቸው። ማሽኖቹ ግን ከ4 በላይ ያለውን አላዩትም። እንደገና ገንዘብ ያባከንን መስሎን ደንግጠን ነበር። ምክንያቱ የተጫነባቸው ዊንዶውስ 32 ቢት መሆኑ ነው። ባለ 32 ቢት አድራሻ ሁለትን 32 ጊዜ በራሱ ማባዛት ነው፤ ይህም 4,294,967,296 ባይት ወይም 4 ጊጋባይት ነው። ከዚያ በላይ ያለው ራም የቤት ቁጥር እንዳልተሰጠው ቤት ነው። ፕሮሰሰሮቹ ግን 64 ቢት መቀበል ይችሉ ስለነበር ቀላል የሆነ 64 ቢት ሊኑክስ ጫንንባቸው። ለዚህ የከፈልነው ገንዘብ የለም፤ ከአንድ ፍላሽ ሁሉም ላይ ተጫነ።

ስለ ሊኑክስ የሚጋነን ነገር ስላለ አስተያየታችንን እንስጥ። ሊኑክስን በ1991 እ.ኤ.አ. በሄልሲንኪ ተማሪ የነበረው ሊነስ ቶርቫልድስ ጀመረው፤ ከኅዳር 2017 እ.ኤ.አ. ወዲህም በዓለም ፈጣን ተብለው በሚመዘገቡት 500 ኮምፒዩተሮች ሁሉ ላይ የሚሠራው እሱ ነው። ይህ ማለት ግን ሊኑክስ አሮጌ ማሽንን አዲስ ያደርጋል ማለት አይደለም። ፕሮሰሰሩ ያው ከሆነ ሁለትና ሁለትን የሚደምርበት ፍጥነትም ያው ነው። ጥቅሙ ቀላሉ ዓይነት ራሙን ብዙ አለመሻማቱ፣ በስሌት መሐል ማሻሻያ ላውርድ ብሎ አለማቋረጡና የሳይንስ ፕሮግራሞች ብዙዎቹ መጀመሪያውኑ ለእሱ መጻፋቸው ነው። ሁለት ማሽኖች ላይ ዊንዶውስን ትተነዋል። መምህራን በፓወር ግዕዝ የጻፏቸው የቆዩ ፈተናዎች በሌላው ላይ ሲከፈቱ አንዳንዴ የማይነበብ ምልክት ይሆናሉና። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ወደ ዩኒኮድ ገብቶ ሳለ ዛሬም በዚህ መቸገራችን ያሳዝናል፤ እሱ ግን የሌላ ጽሑፍ ጉዳይ ነው።

በተረፈችው ገንዘብ በሦስት ማሽኖች የሚሽከረከረውን ዲስክ በኤስ ኤስ ዲ ተካን። አሮጌው በሴኮንድ 100 ሜጋባይት ገደማ ሲያነብ፣ ኤስ ኤስ ዲው 500 ገደማ ያነባል። የዓመቱ ፋይል ከ35 ሴኮንድ ወደ 7 ሴኮንድ ወረደ ማለት ነው። ውስጡ የሚዞር ነገር ስለሌለውም ጠረጴዛው ሲናወጥ ልባችን አይመታም።

ከሁሉ የበለጠው ለውጥ ግን ምንም አላስወጣንም። ልጆቹ ፕሮግራሙን እንደገና ሲያነቡት አፍሪካን በሙሉ እየጫኑ እንደሆነ አስተዋሉ። እኛ የምንፈልገው በሁለቱም ጎን ሁለት ዲግሪ የሆነ ቦታ ነው፤ 40 በ40 ማዕዘን፣ በጠቅላላ 1600። ከ2.4 ሚሊዮን ጋር ሲነጻጸር 1500 ጊዜ ያነሰ ነው። መጀመሪያ ይህን ቆርጠው ሲያስቀምጡት የ40 ዓመቱ መረጃ ከ94 ሜጋባይት አልበለጠም። ለዚህ ከአሮጌ ማሽኖቻችን ደካማው እንኳ ይበቃል። ከዚህ ጀምረን ቢሆን ኖሮ ያ የጨዋታ ማሽን ባልተገዛ ነበር፤ ይህን ሳንደብቅ እንናገራለን።

ይሁንና ትልቅ ማሽን አያስፈልግም ማለት አይደለም። ያለፈውን መቁጠርና የሚመጣውን መተንበይ ይለያያሉ። እንግሊዛዊው ሉዊስ ፍራይ ሪቻርድሰን በ1922 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የዓለምን አየር ሁኔታ በእጅ አስልቶ ለመተንበይ 64,000 ሰዎች እንደሚያስፈልጉ ገምቶ ነበር። ዛሬ የኢጋድ የአየር ንብረት ማዕከል ለአካባቢያችን ትንበያ የሚያወጣው በኮምፒዩተሮች ስብስብ ነው። የትንበያ ማዕዘኑን ጎን በግማሽ ብናሳንሰው የማዕዘኑ ቁጥር አራት እጥፍ ይሆናል፤ ስሌቱ የሚራመድበት የጊዜ እርምጃም በግማሽ ማጠር ስላለበት ሥራው ስምንት እጥፍ ይሆናል። እዚያ ዲስክ በመቀየር ብቻ የሚገኝ መፍትሔ የለም።

ያልተፈታ አንድ ነገር አለ፤ ሙቀቱ። በሚያዝያና በግንቦት ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ፕሮሰሰሮቹ እንዳይቃጠሉ ራሳቸው ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፤ ማራገቢያው አቧራ ሲይዝ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ በየሁለት ሳምንቱ ሽፋናቸው እየተከፈተ ይጠረጋል፤ ረጅም ስሌት የሚሠራውም ፀሐይ ሳትከር በማለዳ ነው። የጨዋታ ማሽኑን ካርድ አውጥተን ሸጠን ባትሪ ልንገዛበት ለወላጆች ኮሚቴ አቅርበናል፤ ውሳኔውን እንጠብቃለን።

የሳተላይቱ ግምት ከመሬቱ ጋር ምን ያህል እንደሚስማማ ለማየት ልጆቹ ከፕላስቲክ ጠርሙስ የዝናብ መለኪያ ሠርተው በግቢው ተክለዋል። መለኪያው የሚነግረን ግን ከዘንድሮ ወዲህ ያለውን ብቻ ነው። በቀደሙት ዓመታት የመጀመሪያው ዝናብ መቼ እንደጣለ፣ መቼ እንደተዘራ፣ በየትኛው ዓመት ዘሩ ሁለት ጊዜ እንደተደገመ የሚያስታውሱ እናቶችና አባቶች ማንኛውንም ከሰዓት በኋላ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ብቅ ቢሉልን፣ ልጆቹ ደብተርና እስክሪብቶ ይዘው ይጠብቋቸዋል።