ማንም የማያየው ጠርዝ

አውሮፕላን በቤታቸው የሚሠሩ ሰዎች ከጅራቱ ይጀምራሉ፤ ጅራቱ ደግሞ ከሞረድ። ይህ ለእርስዎ ቤት ምን ያስተምራል?

ባለፈው ክረምት ጉለሌ ያለውን የቤታችንን የግቢ በር አሠራን። ሲገጠም ጎረቤት ሁሉ አደነቀው። በሦስተኛው ቀን ግን የስምንት ዓመቷ ልጄ በሩን ከታች ይዛ ስትስብ ጣቷን ቆረጣት። የላሜራው የታችኛው ጠርዝ አልተሞረደም ነበር። ባለሙያውን ስጠራው አንገቱን ደፍቶ «እዚያ ጋ ማንም አያየውም ብዬ ነው» አለኝ። ከዚያ ሞረዱን አውጥቶ በአምስት ደቂቃ ጨረሰው።

ልጄ ጣቷ በፕላስተር እንደታሸገ አጠገቡ ቁጢጥ ብላ ስታየው ቆየችና «አውሮፕላንም እንዲህ ይሞረዳል?» ብላ ጠየቀችው። እሱ ሳቀ። እኔ ግን መልሱን ስለማላውቀው ስፈልግ አመሸሁ። መልሱ አዎ ነው፤ ያውም ከበራችን እጅግ በበለጠ ጥንቃቄ።

ለምን ከጅራቱ?

የአሜሪካው ቫንስ ኩባንያ አውሮፕላንን በክፍል በክፍል አዘጋጅቶ ለግለሰቦች ይሸጣል። ገዢዎቹ ጋራዣቸው ውስጥ ገጣጥመው ያበረሯቸው አውሮፕላኖች ከ11 ሺህ በላይ ናቸው። ብዙዎቹ ሥራውን የሚጀምሩት ከጅራቱ ነው። ጅራት ትንሽ ስለሆነ ጠረጴዛ ላይ ይሠራል፤ ቢበላሽም ኪሳራው ከክንፍ ያንሳል፤ ለቀሪው ሥራ የሚያስፈልገውን የእጅ ሙያም ያስተምራል።

ትንሽ ነው ማለት ግን ቀላል ነው ማለት አይደለም። አግድም የተዘረጋው የጅራት ክፍል የአውሮፕላኑ አፍንጫ ወደ ላይና ወደ ታች እንዳይዋልል ይይዘዋል። ቀጥ ብሎ የቆመው ደግሞ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እንዳይስት ይጠብቀዋል። ይህን ሁሉ የሚሸከመው አብዛኛውን ቦታ ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ አሉሚኒየም ነው።

የሽሮ ሜዳው ነጋዴ ምስጢር

ሽሮ ሜዳ ጨርቅ ሲገዙ ነጋዴው የሚያደርገውን አስተውለዋል? ሙሉውን በመቀስ አይቆርጠውም። ጠርዙን በመቀስ ትንሽ ነካ ያደርግና በሁለት እጁ ይዞ ይቀደዋል። ቀደዳው ከዚያች ከተነካችው ቦታ ተነስቶ ይሄዳል።

አሉሚኒየምም እንደዚያው ነው። ሲቆረጥና ሲበሳ ጠርዙ ላይ ጥቃቅን ሸካራ ጥርሶች ይቀራሉ። ሞተሩ ባንቀጠቀጠው፣ ነፋሱ ባርገበገበው ቁጥር ጭነቱ እነዚያ ጥርሶች ላይ ይሰበሰባል። ከዓመታት በኋላ ከአንዷ ጥርስ ስንጥቅ ሊጀምር ይችላል።

ስለዚህ ሠሪው መጀመሪያ ጠርዙን ሁሉ በሞረድ፣ ቀጥሎም በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል። ክፍሎቹን በጊዜያዊ መያዣ ገጣጥሞ ቀዳዳዎቹን በድሪል ወደ ትክክለኛው መጠን ያሰፋል። ከዚያ ልብ የሚያደክመው ነገር ይመጣል፤ የገጠመውን ሁሉ መልሶ ይፈታዋል። የእያንዳንዱን ቀዳዳ ጠርዝ በሁለቱም በኩል፣ ከቀዳዳው ሰፋ ባለ ፑንታ፣ በእጁ አንድ ሁለቴ አዙሮ ያጠራል። ካበዛው ቀጭኑን አሉሚኒየም ይበላዋል፤ ካሳነሰው ጥርሱ ይቀራል። ቀጥሎ ቅባቱን አጥቦ ዝገት መከላከያ ቀለም ይቀባና እንደገና ገጥሞ በሪቬት ያስረዋል።

እርሳስ እንኳ የተከለከለ ነው። የእርሳሱ ካርቦን እርጥበት ሲያገኝ አሉሚኒየሙን ይበላዋልና ምልክት የሚደረገው በማርከር ነው።

ይህ ሁሉ ልፋት ሪቬቱ ከተመታ በኋላ ተሸፍኖ ይቀራል።

እኛም ሞክረናል

ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። «ፀሐይ» የተባለችው አውሮፕላን በጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበርና በኢትዮጵያውያን ሠራተኞች እጅ አዲስ አበባ ላይ ተሠርታ በ1928 ዓ.ም. በረረች። ስሟን ያገኘችው ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ከልዕልት ፀሐይ ነው። በወረራው ጊዜ ጣሊያን ወስዷት ቆይታ በጥር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመልሳለች።

በ2007 ዓ.ም. ደግሞ አስመላሽ ዘፈሩ የተባለ ወጣት ያገለገለ የቮልስዋገን ሞተር የገጠመላትን አውሮፕላን ይዞ ብቅ አለ። የበረራ ትምህርት ቤት ለመግባት ቁመቱ በአንድ ሴንቲ ሜትር አጥሮበት ነበር። ሙያውን ከመጻሕፍትና ከዩቲዩብ ተማረ፤ አውሮፕላኗን ለመሥራት 570 ቀን ፈጀበት። በመጀመሪያው ሙከራ ማራገቢያዋ ተሰበረ። እሱ ግን ወደ ሥራው ተመለሰ።

ይህን ለልጄ ስነግራት «እኔም ስድግ አውሮፕላን እሠራለሁ» አለች። እኔም ቶሎ ብዬ «አብራሪ እሆናለሁ ማለትሽ ነው?» አልኳት።

«አይደለም፤ የምሞርደው እኔ ነኝ።»

አፈርኩ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰው ነበር። እኔ ደግሞ ዲግሪ ይዤ፣ ሳልሳደብ፣ ያንኑ ንቀት ለልጄ ላወርስ ነበር። የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝ፤ እንጀራዬ ሰው የሚያየውን ገጽታ ማሳመር ነው። የማይታየውን ጠርዝ የሚሞርደውን ሰው ግን እስከዚያ ቀን አላሰብኩትም።

ከልጅዎ ጋር ይሞክሩት

• በርና መስኮት ከሚሠሩ ቤቶች ትንሽ የአሉሚኒየም ቁራጭ ይጠይቁ።
• ለሁለታችሁም ወፍራም ጓንትና መነጽር ያዘጋጁ። ድሪሉን እርስዎ ብቻ ይያዙ።
• ልጅዎ ጠርዙን በሞረድ፣ ቀጥሎ በብርጭቆ ወረቀት ያለስልስ።
• በጣት አይፈትሹ። ጥጥ ጠርዙ ላይ ያንሸራትቱ፤ ከያዘው ሥራው አላለቀም።
• ሲጨርስ «ጎበዝ» ብቻ አይበሉት። የማይታየውን በኩል ገልብጠው ይዩለት።

እኛ ከቁራጯ የስልክ ማስቀመጫ ሠራን። ትንሽ ትንጋደዳለች። ከሥር ግን ጥጥ አትይዝም፤ ልጄም እንግዳ በመጣ ቁጥር የምታሳየው ያንን ነው።