የጎጆ ጸጥታ ከክዳኑ ነው

ከአዲስ አበባ ለዕረፍት የሚወጣ ሰው ቢሾፍቱን ወይም ሐዋሳን ያስባል። የዓባይን በረሃ ተሻግሮ ደጀን የሚደርስ መንገደኛ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ባሕር ዳር ለመግባት ይቸኩላል። በየጥኖራና በሉማሜ አድርጎ ደብረ ማርቆስ ቢሄድም፣ በቢቸናና በደብረ ወርቅ አድርጎ ሞጣ ቢዘልቅም፣ ከጤፍ ማሳው ዳር ያሉትን የሣር ጎጆዎች በመስኮት አይቷቸው ያልፋል። ጸጥ ያለ የገጠር ዕረፍት ለሚፈልግ ሰው ከእነሱ የተሻለ ማደሪያ የለም።

ጎጆ ምሰሶ ተተክሎለት፣ ግድግዳው በማገር ታስሮ፣ የጤፍ ጭድ በገባበት ጭቃ ተመርጎ ይቆማል፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። የማይታወቅለት ክዳኑ ነው።

«የሣር ቤት ያፈሳል» የሚል ወሬ ከተማ ውስጥ ሥር ሰዷል። ሐሰት ነው። የሚያፈሰው ጣራው የተለጠጠ ጎጆ ነው። ክዳኑ ሾጠጥ ብሎ 45 ዲግሪ ያህል ካዘነበለ፣ ጠብታውን አንዱ ሰበዝ ለሌላው እያቀበለ ቁልቁል ይሸኘዋል፤ የሚርሰው ላይኛው ንብር ብቻ ነው። ቢቸና አካባቢ ሌሊቱን ሲዘንብ ባደረ ማግስት፣ አንድ አባወራ እጃቸውን ከጎጆአቸው ክዳን ሥር ሰደው አቧራ የጠጣ ደረቅ ሣር መዝዘው አሳይተውኛል። ዝናቡ ሌሊት ለማንም አልተሰማም ነበር። ቆርቆሮ ቢሆን እንደ ነጋሪት እየጮኸ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሰዎችን እንኳ አያነጋግርም። በሣሩ ውስጥና በሰበዞቹ መካከል የታመቀው አየር ድምፁን ይውጣል፤ የቀኑን ሐሩርና የሌሊቱን ቁርም ያግዳል። ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁ በተማሩበት በዲማ ጊዮርጊስና በሌሎቹ የጎጃም ጉባኤ ቤቶች የቆሎ ተማሪ ቅኔውን የሚያወጣው እንዲህ ባለ ጎጆ ውስጥ ሆኖ ነው።

ጭሱም ያለ ስሙ ስም ወጥቶለታል። ከምድጃ ተነሥቶ በክዳኑ ውስጥ ሲያልፍ ሣሩን ያደርቃል፣ ተባይም ያርቃል። እሳት የማይነድበት ጎጆ ቶሎ ያረጃል። ጭስ የሚከብደው እንግዳ በሩን ገርበብ ያድርግ፤ ባለቤቱን ግን እሳት አጥፋ አይበል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ለእንግዳ ብለው ከሣሩ ሥር ፕላስቲክ የሚዘረጉ ሰዎች ሥራ ነው። እርጥበቱ መውጫ ያጣና ክዳኑ ከውስጥ ይበሰብሳል። ከቆርቆሮ ላይ ሣር በትነው «ባህላዊ ጎጆ» የሚሉትም እንግዳውን ያታልላሉ። እንግዳውም ቢሆን በሣር ክዳን ሥር ሻማ ለኩሶ አይተኛ፤ ድምፅ ማጉያውንም ቤቱ ትቶ ይምጣ።

ማደሪያ ለሚፈልግ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጮቄ ተራራ አለ። ቀርቀሃውና ጅባራው፣ ወደ ዓባይ የሚወርዱት ወንዞችም እዚያው ናቸው። የጮቄ ተራሮች ኢኮ መንደርን የዓለም ቱሪዝም ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ብሎ መርጦታል። ሌሊቱ ብርድ ስለሆነ ጋቢ ያስፈልጋል።

የእንግዳ ማረፊያ ለመሥራት ያሰባችሁ የአካባቢው ልጆች፣ ቆርቆሮ ከመግዛታችሁ በፊት ክዳን የሚያውቁ አባቶችን ጠይቁ። ሣሩን በቅጡ አስከድኑ፤ እንግዳ የሚመጣላችሁ ለጸጥታው ነው።