የሯጭ ጅማት ሒሳብ

ታላላቅ ስፖርተኞች በጉዳት ምክንያት ከውድድር ሲሰናበቱ «ዕድል ከዳው»፣ «ዓይን በላው» ወይም «ጉልበቱ አለቀ» ሲባል መስማት የተለመደ ነው። እነዚህ አባባሎች የወዳጅን ሐዘን ይገልጻሉ፤ ምክንያቱን ግን አያስረዱም። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ ትምህርት በቀሰመ ተማሪ ሊሰላ የሚችል ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህንኑ ስሌት ለአንባቢ ማሳየት ነው። (በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኖቬምበር 7 ቀን 2010 በኒው ዮርክ ማራቶን ላይ አትሌት ኃይሌ ገብረሥላሴ 26ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲደርስ ሩጫውን አቋረጠ። ጉልበቱ ውስጥ ፈሳሽ ተጠራቅሞ፣ ጅማቱም ተቆጥቶ ነበር። የ37 ዓመቱ ሯጭ በዚያው ዕለት ለጋዜጠኞች ከውድድር ዓለም መሰናበቱን አስታወቀ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሐሳቡን ለውጦ ቢመለስም፣ እስከ መጨረሻው ስንብቱ እስከ 2015 ድረስ በማራቶን የቀድሞ ፍጥነቱን አላገኘም። ጉዳት ለኃይሌ እንግዳ አልነበረም። በ2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ብቻ ቀድሞ የ10,000 ሜትር ወርቅ ሲያጠልቅ የተረከዝ ጅማቱ ታሞ ነበር፤ ከውድድሩም በኋላ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል። ከእርሱ በፊትም ሻምበል አበበ ቢቂላ በ1968 በሜክሲኮ ሲቲ ኦሊምፒክ በእግሩ ጉዳት ሳቢያ 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ሩጫውን ለማቋረጥ ተገዷል።

ለመሆኑ እንዲህ ያለውን ብርቱ አካል የሚሰብረው ምንድን ነው?

ምድር የምትመልሰው ኃይል

በሦስተኛው የኒውተን ሕግ መሠረት እግር መሬትን ሲገፋ መሬትም እግርን በእኩል ኃይል መልሳ ትገፋለች። የዚህን ኃይል መጠን ለመገመት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ ሯጭ በደቂቃ 180 ጊዜ ይራመዳል እንበል። ስለዚህ አንድ እርምጃ 0.33 ሰከንድ ይፈጃል። ከዚህ ውስጥ እግሩ መሬት ላይ የሚቆየው 0.2 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው፤ በቀረው ጊዜ ሯጩ አየር ላይ ነው።

ሯጩ በሜዳ ላይ ሲሮጥ ወደ ላይ እየራቀም ሆነ ወደ ታች እየሰመጠ አይሄድም። ስለሆነም ምድር ወደ ላይ የምትሰጠው ኃይል በአማካይ ከክብደቱ ጋር እኩል መሆን አለበት። ነገር ግን ይህ የ0.33 ሰከንድ ዕዳ በ0.2 ሰከንድ ውስጥ መከፈል ስላለበት፣ እግር መሬት ላይ በሚያርፍበት ጊዜ ያለው አማካይ ኃይል የክብደቱ 1.67 እጥፍ ይሆናል። ኃይሉ ከዜሮ ተነሥቶ ጫፍ ደርሶ የሚመለስ በመሆኑ፣ ጫፉ ላይ 2.6 እጥፍ ገደማ ይደርሳል። ክብደቱ 56 ኪሎ ግራም ለሆነ ሯጭ ይህ 1,430 ኒውተን ያህል ነው። በአንድ እግር ላይ አንድ ኩንታል ተኩል እህል እንደ መሸከም ማለት ነው።

ኃይሌ በ2008 በበርሊን የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረበት ሰዓት 2:03:59 ነበር። በደቂቃ 180 እርምጃ ብለን ብናሰላ ከ22,000 በላይ እርምጃ ይሆናል። እያንዳንዱ እግር ይህን ሸክም በአንድ ውድድር ብቻ ከ11,000 ጊዜ በላይ አንሥቷል ማለት ነው።

ቁርጭምጭሚት እንደ ዲጂኖ

በዲጂኖ ቋጥኝ የሚፈነቅል ሰው ረጅሙን ጫፍ ይዞ በትንሽ ኃይል ትልቅ ኃይል ያገኛል። እግራችን ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ አጭሩን ጫፍ የያዘው ጡንቻ ነው። ሯጭ በእግሩ ፊተኛ ክፍል ሲረግጥ፣ የምድር ኃይል ከቁርጭምጭሚቱ መገጣጠሚያ 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ ይገፋል። የባት ጡንቻ ተረከዝን የሚስብበት ጅማት ግን ከመገጣጠሚያው የሚርቀው 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሚዛኑ እንዲጠበቅ የጅማቱ ኃይል 12 ለ5፣ ማለትም 2.4 ጊዜ መብለጥ አለበት። በመሆኑም 1,430 ኒውተን ወደ 3,430 ኒውተን ያድጋል፤ ይህም ከሯጩ ክብደት ከ6 እጥፍ በላይ ነው።

የጅማቱን የጎን ስፋት 60 ካሬ ሚሊ ሜትር ብንወስድ በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊ ሜትር ላይ 57 ኒውተን ውጥረት ያርፋል። ጅማት የሚበጠሰው ወደ 100 ኒውተን ሲጠጋ ነው። ስለዚህ በተለመደው ሩጫና በመበጠስ መካከል ያለው ልዩነት ሁለት እጥፍ እንኳ አይሞላም። አንድ መሐንዲስ ሰው የሚያመላልስ ገመድ በእንዲህ ያለ ጠባብ ልክ ቢሠራ ተቆጣጣሪው አያሳልፈውም።

የቁስ ድካም

ይሁን እንጂ ጅማትም ሆነ አጥንት በአንድ እርምጃ አይበጠስም። አንድ ሽቦ በአንድ ጊዜ ስቦ መበጠስ ቢያቅትም፣ ደጋግመው ቢያጥፉት ይሰበራል። ይህ ክስተት በምሕንድስና የቁስ ድካም ይባላል። እያንዳንዱ እጥፋት በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ይጨምራል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ብሂላችን ለመልካም ነገር የተነገረ ቢሆንም፣ ለጉዳትም ይሠራል።

በአጥንትና በጅማት ላይ የድካም ሕግ እጅግ ጥብቅ ነው። ቁሱ እስኪሰበር የሚችለው የድግግሞሽ ብዛት በግምት ከውጥረቱ ሰባተኛ ርቢ ጋር በተቃራኒ ይለዋወጣል ብንል፣ ጫናው በ10 በመቶ ብቻ ሲጨምር ዕድሜው በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ 1.1 ሰባት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 1.95 ስለሚሆን ነው። ጥቂት ፍጥነት ወይም ጥቂት ተጨማሪ ክብደት የሚያስከፍለው ዋጋ ከሚመስለው በላይ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ሕግ በሯጮች ብቻ አይወሰንም። በአገራችን እምብዛም በማይታወቀው የክሪኬት ጨዋታ ኳስ በፍጥነት የሚወረውር ተጫዋች የፊት እግሩን ሲተክል ከክብደቱ 5 እጥፍና ከዚያም በላይ የሆነ ኃይል ይቀበላል። የእንግሊዙ ኮከብ አንድሩ ፍሊንቶፍ በተደጋጋሚ የጉልበት ቀዶ ሕክምና ካደረገ በኋላ በሴፕቴምበር 2010፣ ማለትም ከኃይሌ ስንብት ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ በ32 ዓመቱ ጨዋታ ለማቆም ተገድዷል። የክሪኬት ወርዋሪ ጫናው ትልቅ፣ ድግግሞሹ ግን ጥቂት ነው፤ የማራቶን ሯጭ ጫናው አነስተኛ፣ ድግግሞሹ ግን ብዙ ነው። ሁለቱም በአንድ ስሌት ወደ አንድ ውጤት ይደርሳሉ።

አጥንት ግን ሽቦ አይደለም

ስሌቱ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ማንም ሰው ከጥቂት ወራት በላይ መሮጥ ባልቻለ ነበር። ሕያው አካል ከሽቦ የሚለየው ራሱን በመጠገኑ ነው። የተሰነጠቀውን የአጥንት ክፍል የሚያሟሙ ሕዋሳት አሉ፤ እነርሱ የቆፈሩትን ጉድጓድ በአዲስ አጥንት የሚሞሉ ሌሎች ሕዋሳትም አሉ። ነገር ግን ቁፋሮው በሳምንታት ሲጠናቀቅ ሙሌቱ ወራት ይፈጃል። በመካከሉ ባለው ጊዜ አጥንቱ ከቀድሞው ይልቅ የደከመ ነው። ልምምዱን በድንገት ያበዛ ወጣት ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የቅልጥም ሕመም የሚጀምረው ለዚህ ነው። ብራይትሃውፕት የተባለ የፕሩሺያ ወታደራዊ ሐኪም በ1855 በረጅም የእግር ጉዞ እግራቸው ያበጠባቸውን ወታደሮች ሁኔታ መዝግቧል፤ ሕመሙ የአጥንት ስንጥቅ መሆኑ የታወቀው ግን በኋላ የራጅ መሣሪያ ሲገኝ ነው። ጅማት ደግሞ የሚደርሰው ደም አነስተኛ በመሆኑ ጥገናው ይዘገያል።

እንግዲህ ጉዳት ማለት የመሰንጠቅ ፍጥነት ከመጠገን ፍጥነት ሲበልጥ የሚፈጠር ጉድለት ነው። ዕረፍት ይህን ጉድለት ይሞላል። ቀነኒሳ በቀለ በ2009 በበርሊን የዓለም ሻምፒዮና በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ድርብ ወርቅ ካገኘ በኋላ በባት ጡንቻ ጉዳት ምክንያት የ2010ን የውድድር ዘመን ሙሉ በሙሉ አጥቷል። ይሁን እንጂ በ2019 በበርሊን ማራቶንን በ2:01:41 በመሮጥ በወቅቱ ለነበረው የዓለም ክብረ ወሰን 2 ሰከንድ ብቻ ቀርቶት ገብቷል። በጉዳት የባከነ የሚመስል ጊዜ ሁልጊዜ የሩጫ ሕይወት ፍጻሜ አይደለም።

የዋግ ቁልቁለት

በዋግ ኽምራ ለሚኖሩ ተማሪዎች በዚህ ስሌት ላይ የሚታከል ሌላ ጉዳይ አለ፤ እርሱም የመሬቱ አቀማመጥ ነው። ከሰቆጣ ደጋ ወደ አበርገሌና ወደ ተከዜ ቆላ የሚወርድ ሰው ቁልቁለት አያጣም። 50 ኪሎ ግራም የሚመዝን ተማሪ 500 ሜትር ከፍታ ሲወርድ 245,000 ጁል ጉልበት መጥፋት አለበት። ይህን የሚያጠፉት በዋናነት የጭን ጡንቻዎች ናቸው፤ የሚሠሩትም ተወጥረው ሳሉ እየተለጠጡ ነው። ጡንቻን አብዝቶ የሚጎዳው ደግሞ ይህ ዓይነቱ ሥራ ነው።

በ2005 የታተመ የጂንጀር ጎትሻልና የሮጀር ክራም ጥናት እንደሚያሳየው፣ በ9 ዲግሪ ቁልቁለት ሲሮጥ እግር መሬት ሲነካ የሚያርፈው የመጀመሪያው ምት ከሜዳው በ54 በመቶ ይበልጣል። የ9 ዲግሪ ተዳፋት በየ100 ሜትሩ አግድም ርቀት 16 ሜትር ያህል የሚወርድ ነው፤ ለተራራ አገር ልጅ ይህ እንደ ቁልቁለት የሚቆጠርም አይደለም። በተመሳሳይ ዳገት ላይ ግን ይህ ምት በእጅጉ ይቀንሳል። ልብና ሳንባ የሚበረቱት ዳገት ሲወጣ ነውና ምክሩ ግልጽ ነው፦ ዳገቱን ሩጡት፣ ቁልቁለቱን በእርምጃ ውረዱት።

ለወጣት ሯጮችና ለመምህራን

በየትምህርት ቤቱ ሕመሙን ደብቆ የሚሮጥ ወጣት ብዙ ነው። ማቆም ስንፍና፣ መቻል ደግሞ ጀግንነት ተደርጎ ይወሰዳል። ፊዚክሱ ግን ይህን አይደግፍም። የልምምድ መጠን በሳምንታት እንጂ በቀናት አይጨመርም። ከባድ ልምምድ ባለበት ማግሥት ቀላል ቀን ሊኖር ይገባል። በአንድ ጣት ሊጠቆም የሚችል የቅልጥም ሕመም፣ በተለይም በዕረፍትና በሌሊት የማይተው ከሆነ፣ ወደ ጤና ጣቢያ የሚያስኬድ ነው። በጠዋት ተነሥቶ የሚደርቅና የሚያም የተረከዝ ጅማትም እንዲሁ ማስጠንቀቂያ ነው። የስፖርት መምህራንም ተማሪውን «ስንት ዙር ሮጥክ?» ብለው ሲጠይቁ «ስንት ቀን አረፍክ?» ብለው ቢያክሉ መልካም ነው። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእሳት ብቻ አይደለም፤ በፀጉር ስፋት ላለ ስንጥቅ ሁለት ወር ዕረፍት መስጠት፣ ተሰብሮ ዓመት ከመቀመጥ ይሻላል።