«ትውልድ» የሚለው ቃል በቪዲዮ ጨዋታ መሣሪያዎች አከፋፈል

«ትውልድ» የሚለው ስም «ወለደ» ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን ሁለት ፍች አለው። አንደኛው ከአባት ወደ ልጅ የሚወርደውን የዘር ሐረግ፣ ሁለተኛው በአንድ ዘመን አብረው የኖሩ እኩዮችን ያመለክታል። ኮንሶል የሚባሉት የቪዲዮ ጨዋታ መሣሪያዎች በትውልድ ሲከፈሉ የሚያገለግለው የትኛው ፍች እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ፍች አያዛልቅም። እ.ኤ.አ. በ1983 በጃፓን የወጣው የኒንቴንዶ ፋሚኮም የሦስተኛው፣ በ1990 የተከተለው ሱፐር ፋሚኮም የአራተኛው ትውልድ ናቸው፤ ሆኖም የፊተኛው ካርትሪጅ በኋለኛው ላይ አይሠራም። በአንጻሩ በ2000 የወጣው ፕሌይስቴሽን 2 በ1994 ለወጣው ለፕሌይስቴሽን ከተዘጋጁት ጨዋታዎች አብዛኞቹን ያጫውታል። ውርስ አንዳንዴ አለ፣ አንዳንዴ የለም፤ ስለዚህ መለያ ሊሆን አይችልም።

ሁለተኛው ፍች ግን ይስማማል። በ1972 የወጣው የመጀመሪያው ትውልድ ፋና ወጊ፣ ማግናቮክስ ኦዲሴይ፣ ማይክሮፕሮሰሰርም ድምፅም አልነበረውም። እርሱን ከሱፐር ፋሚኮም ጋር አወዳድሮ ማናናቅ ፍርደ ገምድልነት ነው። ሱፐር ፋሚኮምን በ1988 ከወጣው ከሴጋ ሜጋ ድራይቭ ጋር ማወዳደር ግን ተገቢ ነው፤ ሁለቱ ባለ 16 ቢት እኩዮችና ተፎካካሪዎች ነበሩና። ተጫዋቾች «ከየትውልዱ የሚመረጠው የትኛው ነው?» ብለው የሚያነሡት ጥያቄም ትርጉም የሚኖረው በዚህ ፍች ብቻ ነው።

ስለሆነም «የኮንሶል ትውልድ» በመዝገበ ቃላት ሲፈታ፦ «በአንድ ዘመን ለገበያ ቀርበው የተፎካከሩ ኮንሶሎች ስብስብ» ቢባል ይመረጣል።