ለላስቲኩ ክብር ስጡ

በየማራገቢያው፣ በየቴሌቪዥኑና በየስልኩ ውስጥ ካፓሲተር አለ፤ የሬዲዮ ጠጋኞች ኮንደንሰርም ይሉታል። ሁለት የብረት ንጣፍ፣ በመካከላቸው ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ነገር፣ በቃ። ከባትሪ ጋር ሲያያዝ ቻርጅ ይይዛል፤ ሁለቱ ጫፎቹ ሲገናኙ ይለቀዋል። ማንም ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ሊሠራው ሲችል ሞክሮት የሚያውቀው ጥቂት መሆኑ ይቆጨኛል።

ርዝመቱ 30፣ ወርዱ 20 ሳንቲሜትር የሆነ ሁለት ቁራጭ አልሙኒየም ፎይልና በየጎኑ ከፎይሉ አንድ ሳንቲሜትር የሚተርፍ ሁለት ቁራጭ ላስቲክ አዘጋጁ። ላስቲክ፣ ፎይል፣ ላስቲክ፣ ፎይል አድርጋችሁ ደርቡ። በእያንዳንዱ ፎይል ላይ ጫፉ የተላጠ ሽቦ በፕላስተር አያይዙና አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ ይውጣ። ከዚያ አጥብቆ መጠቅለል ነው። ፎይል ከፎይል ከተነካካ ድካሙ ከንቱ ነው።

ሰው የሚሳሳተው ላስቲኩ ላይ ነው። ፎይሎቹ እንዳይነካኩ የሚከለክል አጥር ብቻ ስለሚመስለው፣ ወፍራም ቢሆን ይሻላል ብሎ ያስባል። አንድ ጎበዝ ተማሪ የጠረጴዛ ላስቲክ ቆርጦ አምጥቶ፣ ካፓሲተር የሚለካው ቴስተር ይህ ነው የሚባል ንባብ አልሰጥ ሲለው ፎይሉን ሲወቅስ አይቻለሁ። ፎይሉ ምን አደረገ? በአንዱ ንጣፍ ላይ ያለው ቻርጅ በሌላው ላይ ያለውን ተቃራኒውን ይስባል፤ በቀረቡ ቁጥር መሳሳቡ ይበረታል፣ በዚያው ቮልት ብዙ ቻርጅ ይከማቻል። ላስቲኩ 0.05 ሚሊሜትር ቢሆን፣ ከላይ ያልናቸው ፎይሎች ተዘርግተው 24 ናኖፋራድ (ፋራድ የካፓሲተር አቅም መለኪያ ነው) ገደማ ይይዛሉ። ውፍረቱን በግማሽ ቀንሱት፣ ወደ 49 ይወጣል። ሲጠቀለል ደግሞ እያንዳንዱ ፎይል በሁለቱም ፊቱ ስለሚሠራ ወደ እጥፍ ይጠጋል።

ላስቲኩ ራሱም ሥራ አለው። በንጣፎቹ መካከል ሲሆን በሞለኪውሎቹ ውስጥ ያሉት ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ በጥቂቱ ወዲያና ወዲህ ይሳባሉ፤ ይህም ቮልቱን ስለሚያለዝበው ለተጨማሪ ቻርጅ ቦታ ይከፍታል። የፌስታል ላስቲክ በዚያው ርቀት አየር ከሚሰጠው ከሁለት እጥፍ በላይ ይሰጣል። ስለዚህ በተጨማደደ ፎይል ሥር የቀረ አየር ሌባ ነው። ይህን በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ከመጠቅለላችሁ በፊት ሽቦዎቹን ከቴስተር ጋር አገናኙና በላዩ ወፍራም መጽሐፍ አስቀምጡ፣ ከዚያም በመዳፋችሁ ጫኑ፤ ቁጥሩ ሲወጣ፣ ስትለቁት ሲወርድ ታያላችሁ። ከዚህ የሚበልጥ የፊዚክስ ትምህርት በቤት ውስጥ አላውቅም።

ውፍረት ዋጋ የሚኖረው ቮልት ሲበዛ ነው። በ1746 በሆላንድ፣ በላይደን ከተማ ሳይንቲስቱ ሙስሸንብሩክ ውኃ በሞላበት ብርጭቆ ኤሌክትሪክ ሲያጠራቅም፣ ውኃው አንዱ ንጣፍ፣ ብርጭቆውን የያዘው እጅ ሌላው ንጣፍ ነበር። ንዝረቱ እጅግ ስለበረታበት የፈረንሳይ መንግሥት በሙሉ ቢሰጠው እንኳ እንደማይደግመው ጻፈ። በሰበቃ የመጣውን ከፍተኛ ቮልት የቻለው የብርጭቆው ውፍረት ነው። ስሱ ላስቲክ ግን ለመበላሸት ትንሽ ቀዳዳ ወይም የፎይል ሹል ጫፍ ይበቃዋል።

እባካችሁ ይህን ጥቅል ከ220 ቮልት ሶኬት ጋር አታገናኙ። «እስቲ ምን ይሆናል» የሚሉትን አልታገሣቸውም፤ ባለ 9 ቮልት ባትሪ ለሙከራው በቂ ነው። አሮጌ ቴሌቪዥን የምትፈቱም፣ ከሶኬት ስለነቀላችሁት ብቻ ባዶ ነው አትበሉ፤ ካፓሲተሩ ቻርጁን ይዞ ሊጠብቃችሁ ይችላል።

የጣሪያ ማራገቢያ ካፓሲተር ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 4 ማይክሮፋራድ ይይዛል፣ ከእናንተ ጥቅል በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሆኖም በመዳፍ ውስጥ የሚገባው ላስቲኩ በማይክሮሜትር የሚለካ ስስ ስለሆነ ነው፤ ብረቱም ፎይል ሳይሆን በላስቲኩ ላይ የተቀባ ስስ ሽፋን ነው።