የሕዝብ ቁጥርና የወኪል መራጮች ድልድል

በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ፕሬዚዳንቱ የሚመረጠው ሕዝቡ በቀጥታ በሚሰጠው ድምፅ ብዛት አይደለም። ሕዝቡ በየአራት ዓመቱ ድምፁን ሲሰጥ በእርግጥ የሚመርጠው ወኪል መራጮች የሚባሉትን ሰዎች ሲሆን፣ ፕሬዚዳንቱንና ምክትል ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡት እነዚሁ ወኪሎች ናቸው። ቁጥራቸው በጠቅላላው 538 ነው። ከእነዚህ መካከል ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን፣ ማለትም ቢያንስ የ270ዎቹን ድምፅ ያገኘ ዕጩ ፕሬዚዳንት ይሆናል። ስለሆነም ለአንድ ግዛት ስንት ወኪል መራጮች ይገባዋል የሚለው ጥያቄ የሒሳብ ጥያቄ ብቻ ሳይሆን የሥልጣንም ጥያቄ ነው።

የዚህ ሥርዓት መሠረት የተጣለው እ.ኤ.አ. በ1787 ዓ.ም. በፊላደልፊያ ከተማ ሕገ መንግሥቱ በተረቀቀበት ጉባኤ ነው። በጉባኤው ላይ ብዙ ሕዝብ ያላቸው ግዛቶች ውክልና በሕዝብ ብዛት እንዲሆን ሲጠይቁ፣ አነስተኛ ሕዝብ ያላቸው ግን ሁሉም በእኩልነት እንዲወከሉ አጥብቀው ተከራከሩ። በመጨረሻም ሁለት ምክር ቤቶች እንዲቋቋሙ ተስማሙ። በእንደራሴዎች ምክር ቤት እያንዳንዱ ግዛት በሕዝቡ ቁጥር መጠን ይወከላል፤ በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት፣ በሴኔት ግን ትልቁም ትንሹም ግዛት ሁለት ሁለት አባላት ይኖሩታል። የአንድ ግዛት ወኪል መራጮች ቁጥርም የሁለቱ ድምር ነው።

በዚያው ጉባኤ በባርነት የተያዙ ሰዎች ለውክልና ሲቆጠሩ እያንዳንዳቸው እንደ ሦስት አምስተኛ ሰው እንዲታሰቡ ተወሰነ። በዚህም ምክንያት ድምፅ የመስጠት መብት የተነፈጋቸው ሰዎች ቁጥር በባርነት የገዟቸውን ሰዎች ድምፅ ከፍ የሚያደርግ ሆነ። ይህ አቆጣጠር የተሻረው ከእርስ በርሱ ጦርነት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1868 ዓ.ም. በጸደቀው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነው።

ዛሬ የእንደራሴዎች ምክር ቤት 435፣ ሴኔት ደግሞ 100 መቀመጫዎች አሏቸው። ዋና ከተማዋ ዋሽንግተን ግዛት ባትሆንም እ.ኤ.አ. በ1961 ዓ.ም. በጸደቀ ማሻሻያ ሦስት ወኪል መራጮች ስላገኘች ድምሩ 538 ይሆናል። የ435ቱ ቁጥር በሕግ የተወሰነ በመሆኑ ሕዝቡ ቢበዛም መቀመጫው አይጨምርም፤ አንዱ ግዛት ሲያገኝ ሌላው ያጣል።

ድልድሉ የሚታደሰው በየአሥር ዓመቱ ከሚደረገው የሕዝብ ቆጠራ በኋላ ነው። በመጀመሪያ ለሃምሳዎቹ ግዛቶች አንድ አንድ መቀመጫ ይሰጣል። የቀሩት 385 መቀመጫዎች ደግሞ በተራ አንድ በአንድ ይታደላሉ። ተራውን ለመወሰን የእያንዳንዱ ግዛት ሕዝብ ቁጥር፣ ግዛቱ ባገኘው መቀመጫ ልክ እያደገ በሚሄድ አካፋይ ይካፈላል፤ ከፍተኛ ውጤት ያለውም ግዛት ተከታዩን መቀመጫ ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ2020 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ 51ኛውን መቀመጫ ካሊፎርኒያ፣ 52ኛውን ቴክሳስ፣ 53ኛውን እንደገና ካሊፎርኒያ ወሰዱ። የመጨረሻው፣ 435ኛው፣ የሚኒሶታ ሆነ። ኒው ዮርክ 89 ሰዎች ብቻ ተጨምረው ቢቆጠሩላት ኖሮ መቀመጫውን እርሷ ትወስድ ነበር። በዚህ ጉድለት ወኪል መራጮቿ ከ29 ወደ 28 ዝቅ አሉ። ከዚህ የተነሣ ቆጣሪው በየቤቱ በር ላይ ቆሞ የሚመዘግበው እያንዳንዱ ስም ምን ያህል ክብደት እንዳለው መገንዘብ ይቻላል።

ይሁን እንጂ ድልድሉ ከሕዝብ ቁጥር ጋር ሙሉ በሙሉ አይመጣጠንም። 39 ሚሊዮን ተኩል ያህል ሕዝብ ያላት ካሊፎርኒያ 54 ወኪል መራጮች ሲኖሯት፣ 577 ሺህ ያህል ሕዝብ ያላት ዋዮሚንግ ሦስት አሏት። ይህም በካሊፎርኒያ ለ732 ሺህ ያህል ሰዎች፣ በዋዮሚንግ ግን ለ192 ሺህ ያህል ሰዎች አንድ ወኪል መራጭ ይደርሳል ማለት ነው። የልዩነቱ ምክንያት በሴኔት አባላት ልክ ለሁሉም እኩል የሚሰጡት ሁለት ድምፆች ናቸው።

ከዚህም ሌላ፣ ከሜይንና ከነብራስካ በስተቀር፣ በአንድ ግዛት ብልጫ ያገኘ ዕጩ የግዛቱን ወኪል መራጮች በሙሉ ይወስዳል። በእነዚህ ምክንያቶች እ.ኤ.አ. በ2000 እና በ2016 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ብዙ የሕዝብ ድምፅ ያገኙት አል ጎርና ሂላሪ ክሊንተን ተሸንፈው፣ ጆርጅ ቡሽና ዶናልድ ትራምፕ ፕሬዚዳንት ሆነዋል።

ደጋፊዎቹ ሥርዓቱ ትንንሾቹ ግዛቶች በትልልቆቹ እንዳይዋጡ ይጠብቃል ይላሉ። ተቃዋሚዎቹ በበኩላቸው የአንድ ዜጋ ድምፅ ከሌላው ዜጋ ድምፅ ሊበልጥ አይገባውም ይላሉ። ሕገ መንግሥቱን ለማሻሻል ግን ከግዛቶቹ የሦስት አራተኛው ፈቃድ ስለሚያስፈልግ፣ በፊላደልፊያ የተጀመረው ክርክር እስካሁን እልባት አላገኘም።

ጥያቄዎች
1. የአንድ ግዛት ወኪል መራጮች ቁጥር እንዴት ይወሰናል?
2. ከግዛቶቹ መካከል ከሦስት ያነሰ ወኪል መራጭ ያለው ሊኖር የማይችለው ለምንድን ነው?
3. ኒው ዮርክ አንድ መቀመጫ ያጣችበትን ምክንያት አስረዱ።
4. ከደጋፊዎቹና ከተቃዋሚዎቹ አስተያየት የትኛው ሚዛን ይደፋል? ምክንያታችሁን በአንድ አንቀጽ ጻፉ።