ማሪያ ካላስ፦ የኦፔራን መድረክ ያደሰች ድምፅ

ማሪያ ካላስ እ.ኤ.አ. በ1923 ኒው ዮርክ ውስጥ ከግሪካውያን ወላጆች ተወለደች። በ13 ዓመቷ ከእናቷ ጋር ወደ አቴንስ ሄዳ ከስፔናዊቷ ድምፃዊት ኤልቪራ ደ ሂዳልጎ ዘንድ ተማረች።

በ1949 ቬኒስ ውስጥ ያደረገችው ዛሬም ያስደንቃል፤ የኦፔራ ደራሲውን የዋግነርን ከባድ ሚና እየተጫወተች ሳለ በታመመች ዘፋኝ ምትክ የሌላውን ደራሲ የቤሊኒን ረቂቅና ፈጣን ዜማ በጥቂት ቀናት አጥንታ አቀረበች። ለሁለቱም የሚሆን ድምፅ በአንድ ሰው ዘንድ እምብዛም አይገኝም።

ድምፅዋ ሁልጊዜ ለስላሳ አልነበረም፤ ትልቁ ኃይሏ እያንዳንዱን ቃል ከነስሜቱ ማውጣቷ ነው። ተዘንግተው የቆዩት ኦፔራዎች፣ የዶኒዜቲ «አና ቦሌና» እና የኬሩቢኒ «ሜዴያ»፣ በእሷ ብርታት ዳግም ተደማጭ ሆኑ።

በ1977 ፓሪስ ውስጥ በ53 ዓመቷ አረፈች። በ1953 ሚላኖ ላይ የቀዳችው «ቶስካ» እስካሁን ከኦፔራ ቅጂዎች ሁሉ ከምርጦቹ ይቆጠራል።